ያልሳቀው ሕፃን

ቀዩዋን ኳስ ከልጁ ዓይን ፊት ይዛ ቀስ እያደረገች ወደ ቀኝ ወሰደቻት። ዓይኖቹ ተከተሉ። ወደ ግራ መለሰቻት፤ አሁንም ተከተሉ። ያያል ማለት ነው። ኳሷን አስቀምጣ ጎንበስ አለችና ፊቷን ከፊቱ በላይ አደረገች። ከንፈሯን አላንቀሳቀሰችም፤ ቅንድቧን እንኳ። ልጁ አያት፣ አያት፣ እግሩን አወራጨና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዛሬም አልሳቀም።

ከተወለደ ሁለት ወር አልፎታል። የምትሠራበት የእንስሳት ጠባይ ቤተ ሙከራ አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረው፤ ተመልካች የሚመለከተው ነገር ውስጥ አይገባም። አይጦቹ ሲወልዱ ከመስታወቱ ጀርባ ቆማ፣ ሳትስቅና ሳትናገር ረጅም ሰዓት የምታይ እሷ ነበረች። አለቃዋም በዚህ ያመሰግናት ነበር። ልጇንም እንደዚያው ነው የፈተነችው። እሷ ቀድማ ከሳቀች፣ እሱ የሚስቀው ከራሱ ይሁን እሷን አይቶ በምን ይታወቃል?

ሕጉ ደግሞ አልከበዳትም። ከወለደች ጀምሮ ፊቷ በራሱ ጊዜ ጸጥ ብሏል። ጡት ትሰጣለች፣ ዳይፐር ትቀይራለች፣ ገላውን ታጥባለች። ሁሉንም በሰዓቱ፣ ግን ጓንት አድርጋ የምትነካው ያህል። ሲያለቅስ አይከፋትም፤ ሲተኛም ደስ አይላትም። ፍርሃቷ እንኳ ደረቅ ነበር። አእምሮው ላይ የሆነ ነገር አለ፣ አያወራም፣ አይማርም፣ እኛ ስንሞት ማን ያየዋል፤ ይህን ሁሉ ስለ ጎረቤት ልጅ እንደምታስብ አድርጋ ታስበዋለች።

"ፕሮፌሰር! ታክሲው ቆሟል እኮ፣ ነይ እንጂ!"

ታላቅ እህቷ ናት። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ኮሌታዋ ላይ ሁልጊዜ መርፌ አይጠፋም። ኳሷን ስታይ ወገቧን ያዘች።

"ዛሬም በኳስ ይዘሽዋል? ልጅ ነው የወለድሽው አይጥ?"

"እታለም፣ በዚህ ዕድሜው መሳቅ ነበረበት።"

"አባቱስ መቼ ስቆ ያውቃል? የሠርጋችሁን ፎቶ እይው፣ ለቀብር የመጣ ነው የሚመስለው። በይ ተነሺ።"

ልጁን ለማስመርመር የሄዱበት ጤና ጣቢያ ሞልቶ ነበር። እህቷ ልጁን ይዛ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እሷ ካርድ ለማውጣት ተሰለፈች። ሰልፉ ትንሽ ፈቀቅ ሲል ዞር ብላ አየቻቸው።

ልጁ አፉን ከፍቷል። ድዱ በሙሉ ይታያል። ጉንጮቹ ተሰብስበው ዓይኖቹ ጠበዋል፣ አገጩ ላይ ለሃጩ ይወርዳል። እየሳቀ ነው።

ከኋላዋ ላለው ሰው "ተራዬን ያዝልኝ" ብላ ሄደች።

"ምን አደረግሽው?"

"ምን አደርገዋለሁ? 'አንተ መላጣ' አልኩት። ሳቅኩ፤ ሳቀ። ምነው?"

ደስታ ይመጣል ብላ ጠበቀች። አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ቆመች። አልመጣም።

ልጁን ተቀበለችው። ፊቷን ወደ ፊቱ አስጠጋችና "አንተ መላጣ" አለችው። ከንፈሯን ወደ ጎን ሳበች። ድምፅዋ ዕቃ ቆጥሮ የሚያስረክብ ሰው ድምፅ ነበር። የልጁ ሳቅ ቀስ እያለ ከሰመ። ፊቷን ዳሰሰው በዓይኑ፤ ከዚያ አንገቱን ወደ እህቷ አዞረ።

እህቷ መሳቋን አቆመች።

"አንቺ፣ ስቀሽለት ታውቂያለሽ?"

"እንዳላበላሽ ብዬ ነው።"

"ምኑን?"

"ፈተናውን።"

"እሺ፣ ከፈተናው ውጪስ?"

አግዳሚው ጫፍ ላይ አንድ አዛውንት እያሳሉ ነበር። ከእሳቸው ራቅ ብላ ወደ እህቷ ተጠጋች።

"አይመጣልኝም፣ እታለም።"

"ሳቁ?"

"ምንም ነገር። ቢታመምም፣ ቢድንም... አሁን እንኳ፣ ይኸው ሳቀ፤ ምንም።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ለሐኪም ብናገር 'ይቺማ እናት አይደለችም' ብለው ይወስዱብኛል።"

"ማን ነው የሚወስደው? እኔ ቆሜ?" እህቷ ልጁን መልሳ ተቀበለቻት፤ ግን ቀና ብላ አላየቻትም። ፎጣውን አንገቱ ሥር ደጋግማ አስተካከለች። "ድካም ነው። እኔም በመጀመሪያው ልጄ እንዲህ አድርጎኝ ነበር መሰለኝ፤ ረሳሁት። ልጁ እንደሆነ ደህና ነው፣ በዓይንሽ አየሽው። ቤት እንሂድና ትንሽ ተኚ። ሰው ምን ይላል ደግሞ።"

እውነትም መሄድ ትችል ነበር። የመጣችበት ጉዳይ አልቋል።

"እመቤት፣ ተራሽ ደርሷል!" ብሎ ከኋላዋ የነበረው ሰውዬ ተጣራ።

ወደ መስኮቱ ሄደች። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል ጠየቀቻት።

"ለልጁ ነው አይደል?"

ዞር ብላ አየች። እህቷ ልጁን ትከሻዋ ላይ አድርጋ በሩ አጠገብ ቆማለች። በእጇ ነይ፣ ተዪው ትላለች።

"አይደለም" አለቻት ሴትዮዋን። "ለእናቱ ነው።"