የሜሌናይቴ ቅርጫት

ኪቲዮኔ ኳሱን ወረወረ፤ ማንም አልዘለለም።

ኳሱ በሁለቱ ሰልፎች መሐል ሰተት ብሎ አለፈና ሣሩ ላይ ወድቆ እየነጠረ ሄደ። ሊይዙት ይገባ የነበሩት ግዙፎች ግን አንዱ ጫማውን ያያል፣ አንዱ ደመና ይቆጥራል። ጥሪውን ያሰማው አምበሉ ኖላን ነው፤ "ወንዝ ሰባት!" ብሎ ሲጮህ ኪቲዮኔ በገዛ ጆሮው ሰምቷል። ወንዝ ሰባት ማለት ኳሱ ወደ ሰልፉ ጭራ ይወርወር፣ እዚያ የቆመው ይዝለል ማለት ነው። በራግቢ ኳስ ከመስመር ወጥቶ ሁለቱ ቡድኖች ጎን ለጎን ተሰልፈው ሲሻሙ፣ ኳሱ ወደ ሰልፉ ፊት ይሂድ፣ ወደ መሐል ወይስ ወደ ጭራ የሚያውቀው የወርዋሪው ቡድን ብቻ ነው። ያ ምስጢር ከወጣ ጨዋታው አለቀ።

"ምን ነካችሁ? ጭራ ነው እኮ ያለው!" አለ ኪቲዮኔ።

"ዛሬ... ፊት ነው፣" አለ ኖላን ዓይኑን ሰበር አድርጎ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ጥሪው ሁሉ በዚያ ጠዋት መቀየሩን ያልሰማው ወርዋሪው ብቻ ነበር። እስቲ ይሄ አሁን ምን ይባላል? መንገዱን ለተሳፋሪው ሁሉ ነግሮ ለሾፌሩ እንደ መደበቅ ነው። ያውም ሐሙስ፣ ጨዋታው ሁለት ቀን ሲቀረው። ያውም ኪቲዮኔ የአውስትራሊያን ቢጫ ማሊያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊለብስ በታጨበት ሳምንት። ተጋጣሚው ደግሞ ቶንጋ ነው፤ የተወለደበት አገር።

አሰልጣኙ ሃርከስ ከመስመሩ ውጭ እጁን አጣጥፎ ቆሟል። ሲያይ የቆየው ኳሱን ሳይሆን የኪቲዮኔን ፊት ነበር።

"ኪት፣ ና እስቲ ወደዚህ፣" አለው።

ባዶው የቡድኑ አውቶቡስ ውስጥ ገብተው ፊትና ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሃርከስ ስልኩን አወጣና አንድ ፎቶ አሳየው። ኪቲዮኔ ትልቅ የሰሌን ቅርጫት በሁለት እጁ አቅፎ፣ የቶንጋ ቡድን ያረፈበት ሆቴል በር ላይ ቆሟል። ማን እንዳነሳው አልተነገረውም፤ እሱም አልጠየቀም።

"ይሄ አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ቅርጫቱ ውስጥ ምንድን ነው?"

"ምግብ ነው፣ ኮች። አክስቴ ለቶንጋ ልጆች ያበሰሉት።"

"በጨዋታ ሳምንት ለተጋጣሚህ ምሳ አመላላሽ ሆንክ ማለት ነው።"

"አክስቴ አድርስ ብለው አዘዙኝ።"

"ዕድሜህ ስንት ነው?"

"ሃያ አራት።"

"እና አክስትህ ስላዘዙህ!"

ይህን ከየት ጀምሮ ማስረዳት ይቻላል? በነ ኪቲዮኔ ዘንድ የአባት ታላቅ እህት የቤተሰቡ ራስ ናት። የኪቲዮኔ አባት፣ በቶንጋዋ ቫቫኡ ደሴት ላይ ቫኒላ የሚያለሙት፣ አንድ መንደር ሙሉ ሰው የሚያከብራቸው ሽማግሌ፣ እህታቸው ሜሌናይቴ ሲገቡ ዝቅ ብለው ነው የሚቀመጡት። የእሳቸው ልጅ ደግሞ በአጎቱ ልጆች ላይ ሙሉ መብት አለው፤ የወደደውን አንስቶ ቢሄድ ተው የሚለው የለም። ይህንን ጭቆና ነው ብሎ የሚያጉረመርም ሰው ቫቫኡ ላይ አልተወለደም።

"ባለፈው ለቴሌቪዥን የተናገርከውን ሰምቻለሁ፣" አለ ሃርከስ። "የአክስትህ ልጅ፣ ያ ለቶንጋ የሚጫወተው..."

"ሲታሌኪ።"

"'ሲታሌኪ ሸሚዝህን አውልቅ ቢለኝ አወልቃለሁ' ብለሃል። እየሳቅክ። እሺ፣ ሸሚዝህን ሰጠኸው እንበል። ጥሪያችንን አምጣ ቢልህስ?"

ኪቲዮኔ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። "ኮች፣ ይሄ ሌላ ነው።"

"ትናንት አመሻሽ ላይ ቶንጋዎች ክፍት ልምምድ ነበራቸው። ሲከላከሉ ያመሹት ጭራውን ብቻ ነው። ጭራውን ብቻ!"

"ሁሉም ቡድን ጭራ ይከላከላል!" አለና ከቦርሳው ደብተሩን አውጥቶ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። "ይኸው። ይፈትሹት። አንድ ገጽ ከጎደለ ዛሬውኑ ልባረር።"

ሃርከስ ጥሪዎቹን ለየተጫዋቹ በእጅ ያስጻፈው ራሱ ነው፤ እጅ የጻፈውን ልብ አይረሳም ባይ ነው። ገጾቹን አንድ በአንድ ቆጠረ። አልጎደሉም። ደብተሩን መለሰለትና "ማታ ከእራት በፊት ስብሰባ አለ። ከዚያ በፊት እደውልልሃለሁ፣" ብሎት ወረደ።

ከሰዓት በኋላው ነጻ ስለነበር ኪቲዮኔ መኪናውን አስነስቶ ወደ ሎጋን፣ ወደ አክስቱ ቤት ነዳ። ቆሽቱ አርሯል። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው ከደሴቱ ያወጡት አክስቱ ናቸው። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሰው ገላ እያጠቡ ባገኙት ደመወዝ ትኬት ቆርጠው አመጡት፤ ከልጃቸው ከሲታሌኪ ጋር አንድ አልጋ ላይ አስተኝተው አሳደጉት። ከዚያ ጉድ መጣ። ቫቫኡ የተወለደው ኪቲዮኔ ለአውስትራሊያ ተመረጠ፤ እዚያው አውስትራሊያ ውስጥ፣ ሎጋን የተወለደው፣ ቶንጋን በዕረፍት ጊዜ ብቻ የሚያውቃት ሲታሌኪ ደግሞ ለቶንጋ። የኪቲዮኔ አባት ይህን ሲሰሙ በስልክ "ቄሱ ለሁለታችሁም ጸልየዋል፤ እንግዲህ እግዚአብሔር ያስታርቀው!" ብለው ነበር።

አክስት ሜሌናይቴ በሩን ሲከፍቱለት ገና ከፊቱ አነበቡት።

"ምን ሆነህ ነው? ከሰል መስለሃል።"

"ምንም አልሆንኩም።"

"ምንም ያልሆነ ሰው እንዲህ አይጠቁርም። ቁጭ በል፣ ከትናንቱ ያስቀረሁልህ አለ።"

"በልቻለሁ፣ አክስቴ።"

"የሆቴል ምግብ ምግብ ነው? አፈር ስሆን ብላ!"

ቁጭ አለ። አክስቱ በጎደሬ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በኮኮናት ወተት የበሰለውን የበግ ሥጋ ከነሳህኑ ከማቀዝቀዣ አውጥተው ማሞቂያው ውስጥ ሊከቱት፣ ከሥሩ የተነጠፈውን ወረቀት ላጥ አድርገው ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። ወረቀቱ ዘይት ጠጥቶ ብርሃን ያሳልፋል። ኪቲዮኔ ሳያስበው ዓይኑ ወረደበት። የራሱ የእጅ ጽሑፍ ነው። "ወንዝ ሰባት፦ ጭራ። ወንዝ ሁለት፦ ፊት።"

አንስቶ ጨበጠው።

ደብተሩ አልጎደለም፤ እውነት ነው። ግን ረቡዕ ረፋዱ ላይ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ጥሪዎቹን ሳያይ በልቡ እያስታወሰ በባዶ ወረቀት ጽፎ ነበር። እንደ ተማሪ። ከዚያ አክስቱ "ቅርጫቱን አንሳ፣ ሳይቀዘቅዝ አድርስ" ሲሉት ብድግ ብሎ ሄደ። ወረቀቶቹን ረሳቸው። ዛሬ አውቶቡስ ውስጥ ያን ያህል ሲፎክር እንኳ ትዝ አላሉትም።

"አክስቴ፣ ይሄ ወረቀት ከየት መጣ?"

"ከጠረጴዛው ላይ ነዋ። ምነው?"

"ሌሎቹስ? አራት ነበሩ።"

"ቅርጫቱ ሥር አነጠፍኳቸው። አገር ቤት ቢሆን የሙዝ ቅጠል አነጥፍበት ነበር፤ እዚህ ጓሮ የለኝ፣ ከየት ላምጣ? ሁልጊዜ የቤተ ክርስቲያኑን መርሐ ግብር ነበር የማነጥፈው፣ አልቆብኝ ነው። ዘይቱ ልብስህ ላይ እንዳይንጠባጠብ ብዬ እኮ ነው!"

እሱ ምስጢሩን በገዛ እጁ አቅፎ ወስዶ፣ በገዛ እጁ አስረክቧል። ሃርከስ ፎቶውን ሲያሳየው የማለው መሐላ ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም። ኪቲዮኔ ስልኩን አንስቶ ሲታሌኪ ጋ ደወለ።

"ሄሎ፣ ከሃዲው!" አለ ሲታሌኪ እየሳቀ።

"ያ ምግብ ደረሳችሁ?"

"ደረሰ ትላለህ? ጣታችንን ነው የበላነው። እማዬን ሳምልኝ።"

"ቅርጫቱ ሥር... ወረቀት ነበር?"

 

"ወረቀት? እኔ ሥጋ ነው ያየሁት። ምነው፣ የፍቅር ደብዳቤ ጽፈህልኝ ነበር?" ብሎ ሳቀ ሲታሌኪ። ሳቁ ትንሽ የዘገየ መሰለው። "ስማ፣ ቅዳሜ ጨዋታው ሲያልቅ ማሊያህን እወስዳለሁ። እንዳታስቸግረኝ።"

ኪቲዮኔ "እውነቱን ንገረኝ" ሊል አፉን ከፈተና ተወው። የአክስት ልጅ በጥያቄ አይፋጠጥም። ከዚያም በላይ መልሱን ፈራው። አንድ አልጋ ላይ ያደገውን ወንድሙን መጠርጠር ጀምሮ ነበር፤ ሃርከስ እሱን እንደጠረጠረው ሁሉ። ይህ ከሁሉ በላይ አሳፈረው።

ተሰናብቶት ስልኩን ሳያስቀምጥ ጠራበት። ሃርከስ ነው።

"ኪት፣ ሆቴሉን አጣራሁ። ምግብ ብቻ እንደነበር ጥበቃዎቹ መስክረዋል። ደብተርህም ሙሉ ነው። ያደረግንብህ ነገር ትክክል አልነበረም፤ ይቅርታ።"

"እሺ፣ ኮች።"

"ልጆቹ በአዲሱ ጥሪ ተደነባብረዋል፤ ወደ ድሮው እንመለሳለን። ቅዳሜ ከመጀመሪያው ደቂቃ ወርዋሪው አንተ ነህ። እንኳን ደስ ያለህ።"

የስልኩ ድምፅ ትልቅ ስለነበር አክስት ሜሌናይቴ ሁሉንም ሰሙ። እዚያው ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተንበርክከው ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ፤ እንባቸው ወረደ። "ወንድሜ ይስማ! ቫቫኡ ይስማ!" አሉ። ቀና ሲሉ ግን ኪቲዮኔ የቅባቱን ወረቀት እንደጨበጠ ፈዞ ቆሟል።

"አልተደሰትክም?"

"ደስ ብሎኛል።"

"ዓይኔን እያየህ ተናገር። ያ ወረቀት ምንድን ነው?"

አክስቱን መዋሸት አልሆነለትም። ነገራቸው። ጥሪው ምን እንደሆነ፣ ፎቶውን፣ የሃርከስን ጥያቄ፣ አሁን ወደ ድሮው ጥሪ መመለሳቸውን፤ ሁሉንም። አክስት ሜሌናይቴ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ብትተወውስ? ምናልባት ቆሻሻ ውስጥ ጥለውት ይሆናል።"

"ምናልባት።"

"ሲታሌኪም ቢሆን ልጄ ነው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ ለማን ልጸልይ?" ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። "አይ፣ አይሆንም። ሄደህ ንገራቸው። ቅዳሜህ በዚህ አይበላሽ። ያደረገችው አክስቴ ናት በላቸው። ያላወቀች አሮጊት ናት በል። ለእኔ ምን ይመጣብኛል? አንተ ትተርፋለህ።"

"አክስቴ..."

"አዝዤሃለሁ።"

"እሺ፣" አለ ኪቲዮኔ።

ስብሰባው የቡድኑ ሆቴል ምድር ቤት ነው። ገብቶ ሲቆም ኖላን ከሩቅ እጁን አውለበለበለት፤ ጎኑ ባዶ ወንበር ይዞለታል። ሁለት ሦስቱ አጨበጨቡ። ኪቲዮኔ ግን ቀጥታ ወደ ሃርከስ ሄዶ ዘይት የጠጣውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አነጠፈው።

"ወደ ድሮው ጥሪ አንመለስ፣" አለ። "እንደዚህ ያሉ ሦስት ወረቀቶች ቅርጫቱ ሥር ነበሩ። ጠዋት አላወቅኩም። አሁን አወቅኩ።"

ኖላን ወንበሩን ትቶ መጣና ወረቀቱን በጣቱ ጫፍ አነሳው። ሃርከስ መነጽሩን አደረገ።

"አይተውታል?"

"አላውቅም።"

"የእጅ ጽሑፉ የአንተ ነው። ቅርጫቱ ውስጥ ያነጠፈው ግን ማነው?"

ኪቲዮኔ አክስቱን በዓይነ ሕሊናው አያቸው። ነገ ይህ ወሬ ከሆቴል ወደ ጋዜጣ፣ ከጋዜጣ ወደ ሎጋን ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ቫቫኡ ሲገባ፣ ወንድማቸው ዝቅ ብለው የሚቀመጡላቸው ሜሌናይቴ "ልጇ እንዲያሸንፍ የወንድሟን ልጅ የሸጠች" ተብለው ስማቸው በየደጁ ሲነሳ ታየው። ያላወቀች አሮጊት ብሎ ማን ያምናል? እሱን ራሱን ማን አመነው?

"እኔ ነኝ፣" አለ። "ዘይት እንዳያንጠባጥብ በእጄ አነጠፍኩት። ሳላስብ።"

ሃርከስ ረዘም አድርጎ አየው። እንደ ጠዋቱ፣ ፊቱን ነው የሚያየው።

"ውጭ ጠብቀን፣" አለው።

ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ከበሩ ወዲያ ድምፆች ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ ስሙን ሰማ፣ የኖላንን ቁጣ ሰማ፣ ለእሱ ይሁን በእሱ ላይ ግን መለየት አልቻለም። ስልኩ ጠራ። አክስቱ ናቸው።

"ነገርካቸው?"

"ነግሬያቸዋለሁ።"

"እንዳዘዝኩህ? እኔ መሆኔን?"

ኪቲዮኔ ወደ ተዘጋው በር አየ።

"አዎ፣ አክስቴ። እንዳዘዙኝ።"

ከተወለደ ጀምሮ የአክስቱን ትእዛዝ ሳይፈጽም ሲቀር ያ የመጀመሪያው ነበር።