የጠራ ዓይን

ባሌ ገመቺስ ከኮተቤ ጉርድ ሾላ ታክሲ ይነዳል፤ እኔ ጋቢና ተቀምጬ ሂሳብ እሰበስባለሁ። ጸሎት ቤት እንጂ ጫት ቤት ረግጦ አያውቅም። ግን መስከረም ሲጠባና አበባው ሲፈነዳ አለርጂው ይነሳበትና ዓይኑ በርበሬ ይመስላል። ያን ጊዜ የሰፈራችን ሰው ሁሉ ሐኪም ይሆናል። "ቅሟል!" ይሉና አንዳንዶቹ ከገቡበት ይወርዳሉ።

ባለፈው ሳምንት ወይዘሮ በለጡ የሚባሉ ደንበኛችን ጭራሽ ለመኪናው ባለቤት ደወሉ። ባለቤቱም "ሌላ ስሞታ ከመጣብኝ ቁልፌን ታስረክባለህ" አለው። እኔ ብግን አልኩ። እሱ ግን ፋርማሲ ሄደና የአለርጂ ኪኒን ገዛ።

"ፋርማሲስቷ ያስተኛል ብላኛለች፤ ስለዚህ ማታ እውጠዋለሁ። እንቅልፉን ሌሊት ተኝቼ እጨርሰዋለሁ" አለኝ። እኔም እውነት መስሎኝ ውኃ አቀበልኩት።

ጠዋት ዓይኑ ጥርት ብሏል። ወይዘሮ በለጡ ከኋላዬ ተቀምጠው "ተመስገን፣ ዛሬስ ሰው መስለሃል!" አሉት። ጋቢና ሆኜ ደስ አለኝ።

ትንሽ እንደሄድን አንዱ "ወራጅ አለ!" አለ። ገመቺስ አልቆመም። "ወራጅ አለ እኮ!" ሲባል ነው የባነነው፤ ፌርማታውን አልፈናል። ጉርድ ሾላ ስንቃረብ ፊታችን ያለው አይሱዙ ቆመ። ገመቺስ መንገዱን እያየ ነው፤ እግሩ ግን አልተንቀሳቀሰም። "ገሜ!" ብዬ ጮህኩ። ለጥቂት ተረፍን።

መኪናውን ጥግ አስያዘና ሞተሩን አጠፋ።

"አይቼዋለሁ እኮ ሰርኬ" አለኝ። "ፍሬን ያዝ ብዬ እግሬን አዘዝኩት። ዘግይቶ ነው የመጣልኝ።"

ከዚያ ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞሮ ስለ ኪኒኑ ምንም ሳይደብቅ ነገራቸው። ይቅርታ ጠይቆ ሌላ ታክሲ እንዲይዙ ለመናቸው። አንጀቴን በላው። በቃ፣ ቁልፉን ተቀማ ብዬ አለቀስኩ። ግን ማንም ለባለቤቱ አልደወለም።

የማያስተኛው ዓይነት ኪኒን ፋርማሲው አልነበረውም። ስለዚህ በማግስቱ ምንም ሳይውጥ፣ ዓይኑ ቀልቶ አብጦ ተራ ያዘ። ሰልፉ ላይ የነበረ ጎረምሳ በመስኮት አየውና "ኧረ ሹፌሩ ቅሟል፣ እኔ አልገባም!" አለ። ሰልፉ ማጉረምረም ጀመረ። ገመቺስ አንገቱን ደፋ።

ወይዘሮ በለጡ ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ጎረምሳውን ገፋ አድርገው አጠገቤ ጋቢና ገቡ። ጎንበስ ብለው ዓይኑን አዩት።

"ቀልቷል" አሉ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው። "እንግዲያው ነቅቷል። ግቡ! ንዳ ልጄ።"