ሊቀመንበሩ ዝም ያሉ ዕለት

ነይማ ውዴ፣ ቁጭ በይ። ሰው በሰው እንዴት እንደሚንጨረጨር አይተሽ የማታውቂ ከሆነ የታሪክ ማኅበር ውስጥ ገብተሽ አታውቂም ማለት ነው።

ይቺ የምነግርሽ ሴት ቀን ቀን መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ከሥራ ስትወጣ ደሞ የሰፈሩ ታሪክ ማኅበር ጸሐፊ ናት። ማኅበር ስልሽ ትልቅ ነገር እንዳይመስልሽ። ከአናጢው በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፣ በቃ። ጣራዋ ስለሚያፈስ መሀሏ ላይ ሁሌም ሳፋ አለ። ዳር ዳሩን ፎቶ የሞላባቸው ካርቶኖች ተደርድረዋል። ሰው አያቱ ሲሞቱበት ፎቷቸውን መጣል ይፈራና ለማኅበሩ ያመጣዋል። "ማናቸው?" ሲባል፣ "እኔንጃ፣ ዘመዶቻችን ናቸው" ብሎ ውልቅ። ጸሐፊዋም ቁጭ ብላ ከጀርባው ትጽፋለች፦ "ያልታወቁ ሴትዮ፣ ካልታወቀ ፍየል ጋር።"

ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ናቸው። ሰፈርተኛው ከኋላቸው "ጋሼ መቼ" ይላቸዋል። እገሌ ሊያገባ ነው ብትያቸው "መቼ?"፣ እገሌ ሞተ ብትያቸው "መቼ?" ነው መልሳቸው። ክፉ ሰው እንዳይመስሉሽ ደሞ። የማኅበሩ ወንበሮች በሙሉ ከሳቸው ቤት የመጡ ናቸው፤ ሚስታቸው እስከ ዛሬ እንግዳ ሲመጣባት አልጋ ላይ ነው የምታስቀምጠው። ችግራቸው አንድ ነው፣ ዝም ማለት አይችሉም። የማኅበሩ ዋና ሥራ ደሞ ምን መሰለሽ? ሽማግሌ አስቀምጦ፣ ዝም ብሎ ሰምቶ፣ በድምፅ መቅዳት!

አንድ ጊዜ አንድ አዛውንት ስለ ድሮው ዳቦ ቤት ሊያወሩ መጡ። "ምድጃው እንግዲህ..." ብለው ሲጀምሩ፣ "መቼ ነው እሱ? ከመንገዱ በፊት ነው በኋላ?" አሉ ጋሼ መቼ። "በኋላ መሰለኝ..." "በኋላማ ሊሆን አይችልም!" ምድጃው እዚያው ቀዘቀዘልሽ። ጸሐፊዋ የተቀዳውን ወደ ጽሑፍ ስትገለብጥ የምትሰማው የሊቀመንበሩን ድምፅ ነው፤ የእንግዳው ድርሻ "እ..." እና ሳል ብቻ። ጨጓራዋ ተላጠ። ፀጉር ቤት ያላት የልብ ጓደኛዋ፣ "አንቺ ምን ዕዳ አለብሽ? ተያቸው በቃ!" ትላታለች።

አልተወችም። ያልተወችው በጎርፉ ምክንያት ነው።

ድሮ፣ እኛ ሳንወለድ፣ ወንዙ ሞልቶ ታች ሰፈርን ጠራርጎት ነበር። ቤት አልተረፈም፤ ሰው ግን ተረፈ። አንድ ሰው በየበሩ እየሮጠ "ውጡ!" ብሎ ስለጮኸ። የጸሐፊዋ አባት ያኔ ገና ጡት ያልጣሉ ሕፃን ነበሩ፤ በጎረቤት ጀርባ ነው የወጡት። አሁን ሸምግለውም "ያን የጮኸውን ሰው ማንነቱን ሳላውቅ ልሞት ነው" ይላሉ። ማዘጋጃ ቤቱ ያሳተመው መጽሔት ደሞ "ነዋሪዎች በተሰጣቸው ማስጠንቀቂያ ሕይወታቸው ተርፏል" ይላል። ማን ሰጠ? እሱን አይልም።

የሚያውቅ አንድ ሰው ነው የቀረው፤ እትዬ ሃሎ። የድሮ ስልክ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ያኔ ደዋይን ከተደዋይ ጋር በእጅ ገመድ እየሰኩ የሚያገናኙ። ጎርፉ የመጣ ዕለት ተረኛዋ እሳቸው ነበሩ። እና በማግስቱ ጠዋት ልጃቸው ሩቅ ከተማ ልትወስዳቸው ነው! ቤቱ ተሽጧል፣ ዕቃው ታስሯል። "ታዲያ በስልክ አትጠይቃቸውም?" እንዳትዪኝ፣ ብላቸዋለች። "ልጄ፣ አንዱን ጆሮዬን ስልክ በልቶታል፤ ሌላውን ልጨምርለት?" አሏት። እውነታቸውን ነው፣ በስልክ ምንም አይሰሙም።

ከዚያ በፊትም ሞክራ ነበር። መጀመሪያ እትዬ ሃሎ ሲመጡ ጋሼ መቼ "ስልክ ቤቱ ከጫማ ሰፊው በስተቀኝ ነው በስተግራ?" በሚል ክርክር ቀኑን በሉት። ሁለተኛ ሲመጡ ደሞ ከታች የአናጢው መጋዝ ክፍሏን እስኪያንቀጠቅጣት ጮኸ። የቀረችው ይቺ ከሰዓት ብቻ ናት።

ጸሐፊዋም ተዘጋጀች። ስልኳ ላይ ቦታ እንዲኖር የአጎቷን ልጅ የሠርግ ቪዲዮ አጠፋች። አናጢውን ለመነችው፤ "ቁም ሳጥን አለብኝ እኮ እህቴ" አለና፣ በኋላ "እሺ፣ ስትፈልጊኝ ወለሉን በተረከዝሽ ምቺ፣ አቆማለሁ" ብሎ ተስማማ። ጋሼ መቼን ደሞ፣ "የጣራውን ነገር እርስዎ ካልሄዱበት ማንም አይሰማንም" ብላ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሸኘቻቸው። ማዘጋጃ ቤት የገባ ሰው መቼ ቶሎ ወጥቶ ያውቃል?

እትዬ ሃሎ ደረጃውን እያቃሰቱ ወጡ፣ ሳፋውን ዞሩ፣ ተቀመጡ። ጸሐፊዋ ስልኳን አጠገባቸው አደረገች። "እሺ እትዬ፣ የዚያን ዕለት..." ስትል በሩ ተከፈተ።

"ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው!" አሉ ጋሼ መቼ ኮታቸውን እያወለቁ። "ነገ ና አሉኝ። እንኳን ደረስኩ!"

ማዘጋጃ ቤቱ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ቶሎ ሸኘ፤ እሱም በዚህ ቀን።

"ጋሼ፣ እየቀዳን ነው" አለች ጥርሷን ነክሳ።

"ቅዱ፣ ቅዱ። እኔ ትንፍሽ አልልም።"

እትዬ ሃሎ ጀመሩ። "ማምሻውን ነው። ዝናቡ ከላይ..."

"መቼ ነው? ቀኑ? ጋዜጣው ሐሙስ ነው የሚለው።"

"ዓርብ ነው።"

"ሐሙስ ነው እትዬ፣ ጋዜጣው እቤቴ አለ።"

"ጋዜጣህ ጎርፉ ሲመጣ የት ነበር? እኔ ነኝ እዚያ የነበርኩት!"

"እትዬ፣ ሰነድ እኮ..."

"ጋሼ!" ጸሐፊዋ ብድግ አለች። "በፈጠረዎት! በሕይወትዎ አንድ ቀን እንኳ አፍዎን ይዝጉ!"

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመልጥ አይታወቅም። ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። በአባቷ ዕድሜ ያሉትን ሰው! ጋሼ መቼ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። "እሺ" አሉ ቀስ ብለው። "ዝም አይነቅዝም።" ወንበራቸውን ጎተቱና ጀርባቸውን ሰጥተው መስኮቱ ጋ ተቀመጡ።

ጸሐፊዋ ግን ምን ታድርግ፣ ቀኑ እየሄደ ነው። "ይቀጥሉ እትዬ።"

እትዬ ሃሎ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጎርፍ መጣ። ደወልኩ። ሰዉ ወጣ። በቃ።"

"ለማን ደወሉ?"

"ስልክ ለነበረው።"

"እነማን ነበሩ?"

"ኧረ ልጄ፣ ስንት ዘመኑ! ማን ያስታውሰዋል።"

"ዓርብ ነው ያሉኝ ግን..."

"ሐሙስም ሊሆን ይችላል።"

ጸሐፊዋ አንድ ነገር ሞከረች፤ እንደ ጋሼ መቼ ለማናደድ። "እንደውም ያን ቀን ዝናብ አልነበረም ይባላል።"

"ይሆናል፣ የኔ ቆንጆ" አሉ እትዬ ሃሎ በፍቅር።

ወይኔ! ከዚያ እሳቸውም ተጨነቁ። "ልጄ፣ እንዲህ በትሕትና ስትጠይቂኝ ባዶ ነው የሚሆንብኝ። ይሄ ልጅ ሲነዘንዘኝ ነው ሁሉም ፊቴ ላይ ድቅን የሚለው።" ይሄ ልጅ የሚሏቸው ጡረታ የወጡትን ሊቀመንበር ነው።

ጸሐፊዋ ወደ መስኮቱ ሄደች። "ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ። ይቅርታ።"

"ዝም በል ተብያለሁ።"

"በሞቴ ጋሼ፣ አንዴ ብቻ 'መቼ?' ይበሏቸው።"

"ተብያለሁ አልኩ እኮ።"

"እንግዲያው ልሳምዎትና እንታረቅ!"

"ሳሚ። ዝም እንዳልኩ ሳሚኝ።"

ከታች መጋዙ ጀመረ። ጸሐፊዋ ንዴቷን ሁሉ በተረከዟ ወለሉ ላይ አወጣችው፤ ሳፋው ውስጥ ያለው ውሃ ሳይቀር ተናወጠ። መጋዙ ቆመ። አስቢው፤ ለወራት ዝም እንዲሉላት ስትጸልይ የከረመች ሴት፣ እንዲናገሩ ተንበርክካ ልትለምን ምንም አልቀራት።

እትዬ ሃሎ ዕቃቸውን እየሰበሰቡ ለራሳቸው አጉተመተሙ። "ብቻ የድንጋይ ድልድይ ስለነበር ውሃውን ትንሽ ገታ አድርጎት ቆይቷል፤ እንጂማ..."

የጋሼ መቼ ጀርባ ተንቀጠቀጠ። ጆሯቸው ቀላ፣ እጃቸው ጉልበታቸውን ጨበጠ፣ ያዙት፣ ያዙት፣ ያዙትና...

"የእንጨት!" ብለው ዞሩ። "የእንጨት ድልድይ ነው! የድንጋዩ ከጎርፉ በኋላ ነው የተሠራው!"

"የድንጋይ ነው አልኩህ!"

"የእንጨት!"

"አንተ፣ እኔን ነው የምታስተምረኝ? የድልድዩ ዘበኛ ራሱ እኮ ደውሎ..." እትዬ ሃሎ ቆም አሉ። "ቆይ። 'ሳንቃው እየተነሳ ነው' ነው ያለኝ። ሳንቃ። እውነትህን ነው፣ የእንጨት ነው!" ቦርሳቸውን መልሰው አስቀመጡ። "ከላይ ከድልድዩ ዘበኛው ደወለ። ባልደረባዬ ጫማ ልትለካ ወጥታ ብቻዬን ነኝ። ከደዋይ ጋር ማውራት ክልክል ነው፣ መሰካት ብቻ..."

"መቼ ነው ክልክል የሆነው? መጀመሪያማ ይፈቀድ ነበር!"

"ለአንተ ነው የተፈቀደው! ክሊኒኩን ሰካሁ፣ አያነሱም። ዳቦ ቤቱን ሰካሁ፣ ባለቤቱ መስመሩ ላይ ከአማቹ ጋር እየተሰዳደበ ነው፣ መሀል ገብቼ ጮህኩ፣ 'አንቺ ምን አገባሽ' ብሎ ዘጋብኝ። የቀረው ልብስ ሰፊው ነው። 'ሃሎ' ስለው 'ቀሚስሽ ነገ ይደርሳል' አይለኝም? 'ውሃ መጣ!' ስለው 'ነገ ጠዋት፣ ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው' ይለኛል!"

"ቀሚሱ መቼ ነው የተሰጠው?"

"ኧረ ተወኝ! 'ቀሚሱ ገደል ይግባ፣ ሩጥ፣ ለሰው ተናገር!' አልኩት። ስልኩን እንኳን አልዘጋውም። እንደተከፈተ ጥሎት ሮጠ። 'ውጡ! ውጡ!' ሲል ድምፁ እየራቀ፣ እየራቀ ሲሄድ በጆሮዬ እሰማለሁ። ከዚያ ሰው የለም። ከዚያ ውሃው ሱቁ ውስጥ ሲገባ ሰማሁት። ከዚያ ተቋረጠ።"

ጋሼ መቼ እንኳን ዝም አሉ። በሩ ላይ አናጢው ሰጋቱራ እንደለበሰ ቆሟል፤ መቼ እንደወጣ ማንም አላየውም። "ከዛስ?" አለ። "ሰውየው ተረፈ?"

"ተረፈ! 'ቀሚስሽን ውሃ ወሰደብኝ' ብሎ ይቅርታ ሊለኝ መጣ፣ ሞኝ! ከዚያ ቤተሰቡን ይዞ ከሰፈር ወጣ።"

"ስሙስ?" አለች ጸሐፊዋ። እትዬ ሃሎ ስሙን ከነአባቱ ጠሩ፤ ግን ጋሼ መቼም ያኔውኑ "ሐሙስ ስለሆነ ነው ሱቁ ክፍት የነበረው!" ብለው ጮኹበት፣ እትዬ ሃሎም "ዓርብ!" አሉ፣ አናጢውም "አባቴ ግን ረቡዕ ነው የሚለው" ብሎ ገባበት።

"ስሙን!" ብላ ጸሐፊዋ ጠረጴዛውን ደበደበች። "ስሙን ይድገሙልኝ! ሁላችሁም ጸጥ! ስሙን!"

ደገሙላት።

አመሻሹ ላይ ስልኳን ይዛ አባቷ ጋ ሄደች። አባቷ ጭቅጭቁን ሁሉ ታግሰው አዳመጡ፤ ስሙ ጋ ሲደርስ እጃቸውን አነሱ። "እስቲ መልሺው።" መለሰችው። "እስቲ ደሞ።" ደሞ መለሰችው። ከዚያ ስሙን ራሳቸው ቀስ ብለው አሉት፣ እንደሚያውቁት ሰው ስም። ፊታቸውን በመሀረብ ጠርገው ወደ ጓዳ ገቡ።

እትዬ ሃሎ በማግስቱ ተሸኙ። መኪናው መስኮት ላይ ሆነው ለጋሼ መቼ የተናገሩት የመጨረሻ ቃል "ዓርብ!" ነው። ጋሼ መቼ ጸሐፊዋን አልተቀየሟትም፤ እንደውም ጋዜጣውን ይዘው መጥተው ጠረጴዛዋ ላይ ትተውላታል፣ ሐሙስ የምትለዋ ላይ አስምረው።

አሁን እሷ ያንን ጩኸት ሁሉ ቁጭ ብላ ወደ ጽሑፍ እየገለበጠች ነው። መጋዝ፣ ሳል፣ ተረከዝ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ! አንዱን ከአንዱ መለየት አቅቷት፣ በሽቃ፣ ቅጂውን ለፀጉር ሠሪዋ ጓደኛዋ ላከችላት፤ "ከማን ጋር እንደምሠራ ስሚልኝማ፣ ጩኸታም ሁላ!" ብላ። ጓደኛዋም ሰማችና የመለሰችላትን፣ ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገርሽ፦

"አንቺ፣ ሽማግሌውም ገብተውኛል፣ አሮጊቷም ገብተውኛል፤ ከሁለቱም በላይ የምትጮኸዋ ሴትዮ ግን ማናት?"