መኪናዋ ለምን ቁጭ አለች?

የመምህሩ መኪና ከኋላዋ ቁጭ ብላ፣ መሬት ልትጠርግ ምንም ሳይቀራት ጋራዡ ግቢ ስትገባ የመካኒኩ ቆሽት አረረ። ባለፈው ሳምንት ሠርቷታል፤ ከዚያ በፊትም ሠርቷታል። ያሳረረው ግን መኪናዋ አይደለችም። መምህሩ እንደ ወረደ ፀጉሩን ዳበስ ዳበስ አድርጎ በቀጥታ መለዋወጫ ሱቁ መግባቱ ነው። እዚያ የምትሸጠው የመካኒኩ ሚስት ናት፤ መምህሩ ደግሞ ድሮ "አግቢኝ" ብሏት እንቢ ያለችው ሰው ነው።

እንቢ ማለቷን መካኒኩ ያውቃል። ግን ቅናት መቼ እውነት ሰምቶ ያውቃል!

"ምን ሆነች ደግሞ፣ መምህር?" ብሎ በጋራዡ በኩል ባለው የሱቁ መስኮት ጮኸ።

"ያው ናት ወንድሜ። ሌሊቱን ተነፈሰች፤ ጠዋት ስወጣ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ።"

ሚስቱ ከት ብላ ሳቀች። ምኑ ነው የሚያስቀው? በባሏ ቀልድ እንዲህ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ!

መኪናዋን ከኋላ የሚሸከማት የብረት ሞላ ሳይሆን አየር የተሞላ ፊኛ ነው። መጀመሪያ ስትመጣ ፊኛው ተቀዶ ነበርና ቀይሮላታል። አሁን ከሥሯ ገብቶ ፊኛውንም ቱቦውንም በሳሙና ውሃ አራሰ። አንዲት አረፋ አልወጣችም። አየሩ በቀዳዳ ካልወጣ መኪናዋ ራሷ ናት የምትለቀው ማለት ነው። እጁን ሰደደ። ከፍታዋን የሚለካው ትንሽ ክንድ ወልቆ ተንጠልጥሏል። እሱ ሲንጠለጠል መኪናዋ ከልክ በላይ ከፍ ያለች ይመስላትና አየሯን ትለቃለች። ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ ወልቆ አግኝቶ፣ መስኮቱን በአንድ ዓይኑ እያየ መልሶ ሰክቶታል።

አንዴ ይሁን፤ ሁለቴ? ይሄማ የእጅ ሥራ ነው! ሰውየው ራሱ እየነቀለ ነው የሚመጣው!

ደሙ ፈላ። በጀርባው ተንፏቆ ወጣና ግራሶ በነካው ጣቱ እየጠቆመ ሱቁ ገባ።

"አንተ ሰውዬ፣ መኪናህን እያበላሸህ የምትመላለሰው ሚስቴን ለማየት ነው አይደል? አንቺም ከነገ ጀምሮ እዚህ እንዳላይሽ! ቤትሽ ትውያለሽ።"

"እኔ እኮ ኮፈኖዋ በየት እንደሚከፈት እንኳ አላውቅም" አለ መምህሩ።

ሚስቱ መሳቢያዋን ሳብ አድርጋ አንዲት ትንሽ ክሊፕ ባንኮኒው ላይ አኖረች።

"ይቺ የምንድን ናት?"

መካኒኩ ገና ሲያያት አወቃት። ክንዱ እንዳይወልቅ የምትቆልፈው ክሊፕ ናት።

"ፊኛውን የቀየርክ ዕለት ከለበስከው ቱታ ኪስ ነው ያገኘኋት፣ ሳጥብ። የምን እንደሆነች ብጠይቅህ 'መምህሩ ምን አለሽ?' ብለህ መለስክልኝ።" ክሊፗን ወደ እሱ ገፋች። "ዓይንህ ሥራህ ላይ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሰው አንዴ መጥቶ በቀረ ነበር። እኔ ጠርቼው አላውቅም። የምትጠራው አንተ ነህ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ክሊፗን አንስቶ፣ ቀና ሳይል ተመልሶ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ቆለፋት። ሞተሩ ሲነሳ አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰር አጉረመረመ፤ መኪናዋም ቀስ እያለች ከኋላዋ ተነሳች። መምህሩ ሂሳቡን ከፍሎ ሄደ፤ ተመልሶም አልመጣም።

በማግስቱ ሚስቱ ቤት አልዋለችም። ከሁሉም ቀድማ መጥታ ሱቋን ከፈተች፤ በጋራዡ በኩል ባለው መስኮት ላይ ግን ወፍራም መጋረጃ ሰቀለች። ረፋዱ ላይ ከመጋረጃው ጀርባ ሳቋ ተሰማ። ከማን ጋር እንደሆነ አይታይም። መካኒኩ ከአንድ መኪና ሥር ተኝቶ ጥርሱን ነከሰ፤ ብሎኑን አጠበቀ፤ ከመውጣቱም በፊት ኪሱን ዳበሰ።