ተለማማጅ፣ በ«ጅ»

አባቴ በመሥሪያ ቤቱ የወጣቶች ጉዳይ ኃላፊ ነው። ሥራው ትምህርት የጨረሱ ልጆችን አዳራሽ ሰብስቦ «ከባለሙያ ሥር ሆናችሁ ሥራ ተለማመዱ» ማለት ነው። ሲናገር ያምርበታል። የእጅ ሙያ ቶሎ ራስን ያስችላል፣ ከአልባሌ ቦታ ይጠብቃል፣ ሰው ፊት ቀና አድርጎ ያስኬዳል ይላል። ይህን ሁሉ በረከት የሚመኘው ለጎረቤት ልጆች ነው፤ ለራሱ ልጆች እንዲህ ያለ ክፉ ነገር አይመኝም።

ትምህርቴን እንደጨረስኩ ሰፈራችን ጫፍ ካለው በያጅ ዘንድ ብየዳ ልለማመድ ነው ስለው የጎረሰው ጉሮሮው ላይ ቆመ።

«የኔ ልጅ የማንም ተለማማጭ አትሆንም።»

«ተለማማጅ ነው አባዬ። በ‹ጅ›።»

«በ‹ጅ›ም ሆነ በ‹ጭ› ያው ነው።»

ያው እንኳ አይደለም። በ«ጭ» የሚጠራው ታላቅ ወንድሜ ነው። ዲግሪውን በብብቱ ሸጉጦ በየቢሮው ደጅ ሲጠና ይውላል። ዘበኛውን ይለማመጣል፣ ጸሐፊዋን ይለማመጣል፣ የዘበኛውን አጎት ሳይቀር ይለማመጣል። እሱ ግን የተማረ ስለሆነ ቤተሰብ አያሳፍርም።

በያጁም በበኩሉ አስቸገረኝ። «የማስጨብጥሽ እሳት ነው፤ አባትሽ ይሁን ሲል በጆሮዬ ካልሰማሁ አልቀበልሽም። እስከ ሰኞ ካልሆነ ሌላ ልጅ አስገባለሁ» አለኝ።

ቅዳሜ አባቴ ንግግር ነበረው። «እንግዲያው ይምጡና በጆሮዎ ይስሙ» ብዬ በያጁን ይዤው ሄድኩ። ከኋላ ተቀመጥን። ሰዉ ስልኩን ይነካካል፤ በያጁ ግን ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያዳምጣል። አባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እውነተኛ አባት ልጁን በራሱ እጅ ይዞ ለባለሙያ ያስረክባል» አለ። አጨበጨቡለት።

«ሰማሁ» አለኝ በያጁ። ከአዳራሹ ሁሉ ንግግሩን ያመነ እሱ ብቻ ነበር።

ማታ በያጁ ንግግሩን መስማቱን ለአባቴ ስነግረው ደሙ ፈላ። «ያ እኮ ለስብሰባ የተባለ ነው። ሰኞ ራሴ ሄጄ እምቢ እለዋለሁ።»

ሰኞ ጠዋት ከረባቱን አስሮ እያጉረመረመ አብሮኝ መጣ። በያጁ ገና ሲያየው መነጽሩን አወለቀ፣ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለው።

«እንደ ቃልዎ ይዘዋት መጡ። ይህን ያህል ዘመን ስሠራ ልጁን በእጁ ይዞ የመጣ አባት አላየሁም።»

አባቴ አፉን ከፈተ። ለልደቱም ለለቅሶውም ንግግር የማያጣው ሰው ከረባቱን አላላ። ከውስጥ አንዱ ሠራተኛ ብረት ይበይዳል፤ ብልጭታው ወለሉ ላይ ይረግፋል። አባቴ ብልጭታውን አየ፤ ከዚያ ጠባሳ ብቻ የሆኑትን የበያጁን እጆች አየ። የኔን እጅ ያዘው። ከልጅነቴ ወዲህ ይዞት አያውቅም። መዳፉ ላብ አጥምቆታል፤ ፈርቷል።

ከዚያ እጄን በበያጁ እጅ ላይ አስቀመጠው።

«እጇን አደራ» አለው።