የሰሃኑ ውሃ

የአፈር ክፍሉ ኃላፊ፣ ገበሬ ማዳበሪያ እንዴት እንደሚያባክን መጽሐፍ መጻፍ ከጀመሩ ሦስት ዓመት አለፋቸው። ለመጣ እንግዳ ሁሉ፣ «ውሃ ሲበዛ ማዳበሪያውን አጥቦ ከሥሩ በታች ይዞት ይሄዳል፤ ስንቴ ልንገራቸው?» ይላሉ። ቢሮአቸውን የምታጸዳው ሴትዮ ወለሉን እየወለወለች ትሰማለች።

እኚሁ አዋቂ ሰኞ ሰኞ፣ መስኮታቸው ላይ በሸክላ ለተተከለችው አበባ አንድ ማንኪያ ማዳበሪያ ይነሰንሱላትና አንድ ጆግ ሙሉ ውሃ ይለቁባታል። ውሃው ማዳበሪያውን ይዞ በሸክላው ቀዳዳ ይወርድና ሰሃኑን ጢም አድርጎ ይሞላዋል፤ አበባዋ ከቀን ወደ ቀን ትገረጣለች።

«ይሄን ሁሉ ተምሮ፣ አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ ከሥር አያይም» ትላለች ሴትዮዋ በሆዷ፣ ሰሃኑን እንዳይፈስባት እየተጠነቀቀች ይዛው ስትወጣ።

አንድ ሰኞ ኃላፊው ሻይ ደፍተው ጨርቅ ፍለጋ ወደ ዕቃ ክፍሏ ብቅ ቢሉ፣ ከእሳቸው አበባ ተቀንጥሳ በቀለም ቆርቆሮ የተተከለችው ቅርንጫፍ ጣሪያ ልትነካ ደርሳለች። ሴትዮዋም ሰሃኑን ይዛ አጠገቧ ቆማለች።

«ምን ማዳበሪያ ብትሰጪያት ነው?» አሉ ኃላፊው።

«የእርስዎን ነዋ ጋሼ» አለች፣ ሰሃኑን ቆርቆሮው ላይ እየገለበጠች። «የእርስዎዋ አበባ ናት እንጂ ቀምሳው የማታውቀው።»