የጊሄይ አውራ ጣት

የሸክላ ሠሪው ሚስት ኪኑ ክዳኑን ስታነሳው ሽታው ፊቷን መታት። የበረዶውን ወራት ያሻግረናል ብላ በጨው የደፈነችው ፍጅል በስብሶ ዝልግልግ ብሏል። ላዩ ላይ ትል ይርመሰመሳል።

ጣቷን በማሰሮው አፍ ዙሪያ አዞረች። አንድ ቦታ ላይ ገባ ብሏል፣ ክዳኑም እዚያ ጋ አይገጥምም። አውራ ጣት ያህል ነው። የባሏ አውራ ጣት።

ድሮ ባሏ ጊሄይ አፉ የተጣመመ ማሰሮ ከእሳት ሲወጣ ካየ ከገደሉ ቁልቁል ይወረውረው ነበር። አባቱም እንደዚያ ነበሩ። በአገራቸው በታምባ የእነሱን ማሰሮ ገዝቶ ፍጅል የተበላሸበት ሰው የለም። ባለፈው ጸደይ ግን ሱጊዩራ የሚባሉ ምሁር ከቶኪዮ መጡ። ገደሉ ሥር ወርደው ስብርባሪ ሲጎረጉሩ ዋሉና አንድ ጠማማ ማሰሮ እንደ ሕፃን አቅፈው ወጡ።

«የሠራው ሰው ስለ ውበት አላሰበም፤» አሉ። «ለዚህ ነው የሚያምረው።»

ከዚያ ወዲህ ጊሄይ እንዳላሰበ ሆኖ ለመሥራት ሌት ተቀን ያስባል።

«ፍጅሉ በስብሷል፤» አለችው።

ሸክላ የሚያዞርበትን መንኮራኩር አላቆመም። «ጨው አሳንሰሽ ይሆናላ።»

«ጨው አላሳነስኩም። አንተ ጣት አበዛህ።»

«ቀስ በይ እባክሽ፣ መምህሩ በር ላይ ናቸው።»

ሱጊዩራ ገቡ። ማሰሮውን ሲያዩ ነጭ ካልሲያቸውን ጭቃ ይነካዋል ሳይሉ ተንበረከኩ። ኪኑ ከበሰበሰው አንድ ቁራጭ በሳህን አድርጋ አቀረበችላቸው።

«ይቅመሱ ጌታዬ። ከዚሁ ከወደዱት ማሰሮ የወጣ ነው።»

አፍንጫቸውን በመሐረብ ያዙ። ዓይናቸው ግን ከማሰሮው አልተነቀለም።

«ይሄን ነገር ድፉትና ማሰሮውን እኔ ልውሰደው። አፉን እዩት፣ ማንም አስቦ እንዲህ አያደርገውም።»

«ንገራቸው እንጂ፤» አለች ኪኑ ባሏን። «እንዴት እንደጠመመ አንተ ንገራቸው።»

ጊሄይ አላያትም። ወገቡ እስኪታጠፍ ጎንበስ አለ።

«እኛ ባላገሮች ነን መምህር። ምን እናስባለን።»

ማሰሮውን ደጅ አውጥቶ የበረዶ ወራት ምግባቸውን አፈር ላይ ደፋው። ውስጡን በገዛ እጅጌው ወለወለና በሁለት እጁ አቀረበላቸው። እየሳቀ።

ሽታውን ነፋስ ወሰደው። ኪኑ ግን አሁንም አፍንጫዋን እንደያዘች ቆማ ባሏን ታየዋለች።